በሳሙኤል ኪስ የነበረው ከረሜላ

ስኳር ከያዘኝ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እውነተኛውን ማለቴ ነው። በየሦስት ወሩ ማለዳ ተነስቼ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ክሊኒክ እሄድና በባዶ ሆዴ ተሰልፌ፣ ጣቴን ተወግቼ፣ የድርሻዬን ቁጣ ተቀብዬ እመለሳለሁ። ነርሶቹ «አባባ» ይሉኛል። ከማስተማር ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነውና ቃሉ ብዙም አይጥመኝም፤ ግን መርፌ ከያዘ ሰው ጋር አልከራከርም።

ባለፈው ወር ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ልጅ ከዶክተሩ ክፍል እያለቀሰች ወጣች። ቢበዛ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች ነበር። እናቷ «ስንቴ ልንገርሽ፣ ስንቴ» እያለች ከኋላ ትከተላታለች። የክፍሉ በር ስለማይገጥም ተሰልፈን የተቀመጥነው ሁላችንም ሰምተናል። ስኳሯ አልወርድ ብሏል፤ ዶክተሩ ደብቀሽ ጣፋጭ ትበያለሽ ይላታል፤ እሷ አልበላሁም ትላለች፤ እሱ አላመናትም።

ስገባ ንዴቱ ገና አልበረደለትም። ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ማንበብ ይወዳል፣ ስለ ከተማው የድሮ ሐኪሞች እንደ እኔ ያለውን ሽማግሌ ሁሉ ይጠያይቃል። «ይገርምዎታል ጋሼ» አለኝ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ። «ይኼ ችግር ዛሬ የመጣ አይደለም። በደርግ ጊዜ እዚሁ ሀዋሳ አንድ ሐኪም ስለ ወጣት የስኳር ሕሙማን አጥንቶ ያሳተመው ጽሑፍ አለ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ ነው የማነብላቸው።»

መነጽሬን አደረግሁ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአሮጌ መጽሔት በፎቶ የተነሳ ስለሆነ ጠርዙ ጠቁሯል። መጨረሻው ላይ ሠንጠረዥ አለ፣ ሕሙማኑም በስም ሳይሆን በፊደል ተጽፈዋል። ዶክተሩ አንዱን መስመር በጣቱ ነካ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድ፣ ተማሪ፣ የታዘዘውን ሁሉ የሚፈጽም፣ ሽንቱ ከስኳር የጸዳ፣ በሕይወት ያለ። ጣቱን ወደሚቀጥለው አወረደ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድ፣ ተማሪ፣ ጣፋጭ ደብቆ የተገኘበት፣ የሞተ።

«ያው ዕድሜ፣ ያው ከተማ፣ ያው መድኃኒት» አለ። «ልዩነቱ ጠባይ ብቻ ነው። የላይኛውን ሰውዬ በሕይወት ካለ ባገኘው እንዴት ደስ ባለኝ።»

የላይኛው ሰውዬ እኔ ነኝ። የታችኛው ሳሙኤል ነው።

ያኔ ከተማዋን «አዋሳ» እንላት ነበር። ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ መንገዱ ሁሉ አሸዋ ነው፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ፤ የምንሄደው በእግር ወይም በብስክሌት፣ ዕቃ ካለን በጋሪ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የዓሣውን ሽታ ይዞ ክፍላችን ድረስ ይገባል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጥማጆች የጣሉትን አንጀት ለመልቀም ዳር ዳሩን ቆመው ይውላሉ። ሲያወሩት ደስ የሚል ከተማ ይመስላል፣ ነበርም። እኔ ግን ስለዚያ ዘመን ሳስብ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሸራ የለበሰው የጭነት መኪና ነው።

ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ነበር። ስሙ የወጣ ይሄዳል፤ ኮታው ካልሞላ ደግሞ አፈሳ ይመጣል። መኪናው ከትምህርት ቤት በር ወይም ከኳስ ሜዳው ዳር ይቆማል፣ የተያዘ ይጫናል፣ ያመለጠ ያመልጣል። ታላቅ ወንድሜ ታደለ የሄደው እንደዚያ ነው፤ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ። ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን፣ ከዚያ ዝም አለ። እናቴ ፖስታ ቤቱ ባለበት መንገድ ማለፍ ተወች፣ ገበያ ስትሄድ ዙሪያውን ነበር የምትሄደው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴን ይዤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ስሜም ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። እቅጩን ለመናገር ፈሪ ነበርኩ። አሁንም ነኝ።

ሳሙኤል ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር የተቀመጥን ጓደኛዬ ነው። የሲዳማ ልጅ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እናቱ እትዬ ማርታ ናቸው። በቤታቸው መስኮት በኩል ክብሪት፣ ሳሙናና ከረሜላ ይሸጣሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ስለነበር እሁድ እሁድ በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ፤ እኔም መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እስኪጨርሱ እጠብቀዋለሁ። ስኳር የያዘው ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ነበር። ጠዋት ጠዋት ራሱን ይወጋል። ማቀዝቀዣ የላቸውም፣ ስለዚህ ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ ቀብሮ ያስቀምጠዋል። «ሚስቴን ላጠጣት» ይልና አሸዋው ላይ ውኃ ያርከፈክፋል። በበሽታው ሲቀልድ ሰው ፊት አያፍርም ነበር።

ስሜ መውጣቱን የነገርኩት ኅዳር ላይ ነው፣ ሐይቁ ዳር ሾላው ሥር ተቀምጠን። ትንሽ አሰበና «እኔን አይወስዱኝም፣ የሐኪም ወረቀት አለኝ» አለ። «ለምን በሽታዬን አላውስህም?»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ሽንቴን በፔኒሲሊን ብልቃጥ እሰጥሃለሁ። እንዳይቀዘቅዝ ብብትህ ሥር ታደርገዋለህ። ስጥ ሲሉህ ሽንት ቤት ትገባና ትገለብጠዋለህ።»

«ቢነቁብኝስ?»

«ቢነቁብህ መኪናው ላይ ትወጣለህ። አሁንስ የት ልትወጣ ነው?»

ሆስፒታሉ ውስጥ የደም ስኳር መመርመሪያው ኬሚካል ካለቀ ወራት ሆኖት ስለነበር ምርመራው ሁሉ በሽንት ነበር። የላቦራቶሪው ሰውዬ ከሳሙኤል ሽንት ጥቂት ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ባለበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጨምሮ በእሳት አሞቀው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻ እንደ ጡብ ቀላ። ሰውዬው ቱቦውን አየ፣ እኔን አየና «አይ ልጄ» አለ። ሳቄን ለመዋጥ ምላሴን ነከስኩ። አሁን ሳስበው ያ ቀይ ነገር የጓደኛዬ ሞት ነበር፣ እኔ ግን ስለ ተሳካልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የዚያን ጊዜው ዶክተር ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር። ውጭ አገር ተምሮ፣ ጓደኞቹ እዚያው ሲቀሩ እሱ ተመልሶ የመጣ ነው ይባላል። ወጣት ሆነው ስኳር ስለያዛቸው ሰዎች ጥናት እየጻፈ ነበርና እኔን ሲያገኝ ፊቱ በራ። ትልቅ መዝገቡን ገልጦ፣ በማስመሪያ መስመር አስምሮ ስሜን ጻፈ። «ገና ጅምር ላይ ስለደረስንበት እድለኛ ነህ» አለኝ። ወረቀቱን ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ሰጠኝ። ወደ ቀበሌ ስሮጥ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም።

ከወረቀቱ ጋር ግን ብልቃጥ መጣ። በየወሩ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ አንድ ኢንሱሊን ይታደላል፤ ሲያልቅ ባዶውን ብልቃጥ ለሲስተር መልሶ ነው ሌላ የሚወሰደው። የእኔን ለሳሙኤል ሰጠሁት። ዶክተሩ ያዘዘለት መጠን ድሮም አይበቃውም ነበር፤ ሁለት ብልቃጥ ሲያገኝ በገዛ ራሱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ እጥፍ አደረሰው። ሰውነቱ ሲመለስ በዓይኔ አየሁ። ሱሪው ጠበበው፤ ከዓመታት በኋላ ኳስ ተጫወተ። እኔ ለሳምንታዊ ምርመራ የራሴን ሽንት ስለምሰጥ ቱቦው ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። የሳሙኤልም ሰማያዊ ሆነ። ዶክተሩ በዚያች ትንሽ መጠን ይህን ያህል ለውጥ በማየቱ ደስ ብሎት መዝገቡ ላይ ይጽፋል። እጥፍ መውሰዱን ማን ይንገረው? እሱን መንገር እኔን መንገር ነው። በአንድ በሽታ ሁለት ሰው ድነን ነበር፣ እኛ ደግሞ ብልጥ የሆንን መስሎን እንስቅ ነበር።

ዶክተሩ ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት ያስቆመኛል። «እዩት ይኼን ልጅ» ይላል። «የነገርኩትን ያደርጋል፣ አለቀ።» ሳሙኤል ከኋላዬ ሆኖ ጀርባዬን ይቆነጥጠኛል። ስንወጣ የተጠበሰ በቆሎ እገዛና እሱ ግማሽ እሸት በልቶ፣ ተራፊውን ለእኔ ይሰጠኛል። «ታዛዡ በሽተኛ፣ ብላ» ይለኛል።

ክረምቱ ሲገባ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ መምጣት አቆመ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ በዚያ ጊዜ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ዶክተሩ ሁላችንንም ሰብስቦ ከዛሬ ጀምሮ ብልቃጥ ወደ ቤት አይሄድም አለ። ኢንሱሊኑ እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ እኛ ጠዋት ጠዋት እየመጣን ሲስተር በመዝገቡ ላይ በተጻፈው መጠን ትወጋናለች፤ በተወጋን ቁጥር ካርዳችን ላይ ማኅተም ይመታል። ቀበሌዎቹም ያንን ማኅተም ማየት ጀመሩ። አንድ ቀን የቀረ በሽተኛ፣ ለእነሱ በሽተኛ አይደለም።

ነገሩ የገባኝ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እጅጌዬን ስጠቀልል ነው። ሳሙኤል ከዚያን ቀን ጀምሮ የለመደውን ግማሽ ሊወጋ ነው። ቀሪው ግማሽ በእኔ፣ ምንም በሌለብኝ ሰው፣ ክንድ ውስጥ ሊገባ ነው። መርፌው ሲመጣ አየሁት፤ ክንዴን ሰጠሁ።

ጤነኛ ሰው ኢንሱሊን ሲወጋ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ከግቢው ሳልወጣ ላብ አጠመቀኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ልቤ ከጉሮሮዬ ሊወጣ ደረሰ። ሳሙኤል ስሜቱን ከራሱ ስለሚያውቀው ከአጥሩ ጀርባ ደግፎ አስቀመጠኝ። ሮጦ ሄዶ ከእናቱ መስኮት ከረሜላ ይዞ መጣ። እኔ ከየት አመጣለሁ? ስኳር በቀበሌ ራሽን ነው፤ እናቴ መታመሜን ከልቧ አምና የቤታችንን ድርሻ ለጎረቤት ሰጥታለች፤ ባለ ሱቆቹም በሽተኛ መሆኔን ስለሚያውቁ ጣፋጭ አይሸጡልኝም። ከዚያ በኋላ ሳሙኤል ሁልጊዜ ከመምጣቱ በፊት በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ኪሱ ውስጥ ይይዝልኛል። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ እሱ ነው ልጦ አፌ ውስጥ የሚያደርግልኝ። ከዚያ ጣቱን ሣሩ ላይ ደጋግሞ ይጠርጋል፤ በስሕተት እንዳይልሰው።

እኔን ከረሜላ እያበላኝ እሱ ከሳ። ቱቦው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ቀላ። ውኃ አይበቃውም፣ የክፍላችንን ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ይቆማል። ዶክተሩ ግራ ገባው፤ መዝገቡ ላይ በዚያችው መጠን ደህና የነበረ ልጅ አሁን ምን ሆነ? ሊገኝ የሚችለው መልስ አንድ ብቻ ነበር።

«ምን ትበላለህ?» ይለዋል።

«ምንም፣ ዶክተር።»

«ከእኔ አትደብቅ። ቤታችሁ ከረሜላ ይሸጣል አሉ።»

«ይሸጣል። እኔ አልበላም።»

አንድ ሰኞ ጠዋት ሲስተር ኪሱን እንዲያራግፍ ነገረችው። እኔ እጅጌዬን ጠቅልዬ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ ሌሎች ሕሙማንም በሩ ላይ ቆመዋል። ሳሙኤል አንዴ ወደ እኔ አየ። ከዚያ እጁን ከተተና ሦስት ከረሜላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ዶክተሩ አልጮኸም። አንዱን አንስቶ በጣቶቹ መሐል አገላበጠው። «ለዚህ ነው እንዴ እኔ እንቅልፍ የማጣው?» አለ። «ያለኝ መድኃኒት ለሁሉም አይበቃም። ሰው ወደ አዲስ አበባ እየላክሁ፣ እየለመንኩ የማመጣው ነው። ለሚበላው ሰው እየሰጠሁ የሚጠነቀቀውን ልግደል?»

ሳሙኤል የተራገፈውን ኪሱን ወደ ውስጥ መለሰ።

«ተናገር እንጂ። የማን ነው ይኼ?»

«የእኔ ነው» አለ ሳሙኤል።

እኔ ካርዴን እያየሁ ነበር። ማኅተሙ ጥቂት ተንሻፎ ስለተመታ አንደኛው ፊደል አይነበብም፤ እስከ ዛሬ የትኛው ፊደል እንደሆነ ልነግራችሁ እችላለሁ። ያን ጊዜ «የእኔ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነበር። ምላሴ ተሳሰረ ብል ውሸት ነው፤ ምላሴ ደህና ነበር፣ እኔ ነኝ ያልፈለግሁት። ዶክተሩ ማስመሪያውን አስተካክሎ የሳሙኤልን ስም በቀይ ሰረዘው። ሲስተር ወደ እኔ ዞራ ክንዴን ያዘች።

ከአጥሩ ጀርባ ስንደርስ ልቤ መዝለል ጀምሮ ነበር። ሳሙኤል ጎንበስ አለና ከካልሲው ውስጥ አራተኛ ከረሜላ አወጣ። ልጦ አፌ ውስጥ አደረገው፣ ጣቱን ሣሩ ላይ ጠረገ።

«ትነግረዋለህ አይደል?» አለኝ።

«እነግረዋለሁ። ይኼ ሳምንት አፈሳ ነው፣ በሩ ላይ ካርድ እያዩ ነው። ሐሙስ ያበቃል አሉ። ሐሙስ እነግረዋለሁ።»

ጥቂት ቆጠር አደረገ፣ በጣቱ። «ሐሙስ ጥሩ ነው» አለ። ሳይወጋ ስንት ቀን እንደሚቆይ እሱ ያውቃል፤ እኔ አልጠየቅሁም።

ማክሰኞና ረቡዕ ከመርፌው በኋላ ሄጄ አየሁት፤ ትራሱ ሥር ከደበቃቸው ከረሜላዎች የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በየተራ ሰጠኝ። አልጋው አጠገብ ሁለት ጆግ ውኃ ነበር። ትንፋሹ ረጅምና ከባድ ሆኖ፣ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። እትዬ ማርታ ከመስኮቱ ላይ የከረሜላውን ጠርሙስ አንስተው ከአልጋ ሥር አስገብተውታል። «በገዛ ሱቄ ነው የገደልኩት» ይሉኛል እያለቀሱ። «አንተ እንኳ አትመክረውም? አንተን የመሰለ ጓደኛ እያለው?» ሳሙኤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ይሰማል። አልነገራቸውም። ቢነግራቸው እኚያ ሴትዮ ሆስፒታሉን በጩኸት ያፈርሱት ነበር፣ እኔም ከሰዓት መኪናው ላይ ነበርኩ። ያንን ያውቃል።

ሐሙስ ጠዋት ዝናብ ነበር። የምናገረውን መንገድ ላይ እየደጋገምኩ ሄድኩ፤ «ዶክተር፣ ከረሜላው የእኔ ነው፣ እኔ በሽተኛ አይደለሁም።» በሩ ላይ የቀበሌው ሰው ካርዴን አይቶ አሳለፈኝ። ዶክተሩ ክፍል ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ተቀምጧል፤ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ዶክተሩ ሲያየኝ ተነሳና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ያልኩህ ልጅ ይኼ ነው» አለው እንግዳውን። «ጽሑፌ የቆመው በእሱ ነው። እንዴት ነህ አንተ?»

አፌን ከፈትኩ። በመስኮቱ የቀበሌው ሰው ጀርባ ይታየኛል።

«ደህና ነኝ፣ ዶክተር» አልኩ።

ተወጋሁ። ማኅተም ተመታልኝ። ስወጣ አጥሩ ጀርባ ማንም የለም። ወደ እነ ሳሙኤል ቤት በጭቃው ውስጥ ግማሽ እየሮጥኩ፣ ግማሽ እየወደቅሁ ሄድኩ። ሳሙኤልን ላየው ነው የሄድኩት ብዬ ለዓመታት ራሴን ሸንግያለሁ። የሄድኩት ለከረሜላ ነው።

እትዬ ማርታ መስኮቱ ላይ ነበሩ። ልጃቸውን ሐኪም ቤት የሚያደርስ ጋሪ እንዲመጣ ሰው ልከው እየጠበቁ ነው። የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ። ዓይኔ ይጨልምብኛል።

«ከረሜላ» አልኩ። «እትዬ ማርታ፣ አንድ ከረሜላ።»

አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አይቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም። «አንተም?» አሉ። «ልጄ እዚያ ወድቆ እያየህ አንተም? አልሰጥም። ከፈለግህ ግደለኝ እንጂ ከእንግዲህ ለማንም የሰው ልጅ አልሰጥም።»

ጉልበቴ ተጣጠፈ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት ነው ከውስጥ የሳሙኤል ድምፅ የመጣው። መጀመሪያ በሲዳምኛ አንድ ነገር አላቸው። እሳቸው መለሱለት። ደግሞ እኔ እንድሰማ በአማርኛ፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሰ፣ «ስጪው እማ» አለ። «ስጪው።»

ልጃቸው ያላቸውን አደረጉ። ጠርሙሱን ከአልጋ ሥር ሲጎትቱ ሰማሁ። አንድ ከረሜላ በመስኮቱ ወረወሩልኝ፣ ጭቃው ላይ ወደቀ። አንስቼ፣ ከነጭቃው በጥርሴ ልጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው በላሁት።

ጋሪው መጣና ወሰዱት። ዶክተሩ ሲያየው ያለውን ሁሉ ሰጠው፣ ሰዎች እንዳሉት ክፍሉን ሳይለቅ አጠገቡ ቆየ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ሳሙኤል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተ። እኔ ያኔም አልተናገርኩም። ቀብሩ ላይ ዶክተሩ ጥላውን ከፈተልኝና ክንዴን ይዞ «አየህ?» አለኝ። 

መድኃኒቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በካርቶን ሙሉ መጣ። እንደገና ብልቃጥ ወደ ቤት ይሰጠን ጀመር። እኔ የእኔን በየወሩ ጓሯችን ውስጥ ካለችው ፓፓያ ሥር እያፈሰስኩ ባዶውን እመልስ ነበር፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ካርዱ እስኪረሳ ድረስ። ጽሑፉ ሲታተም ዶክተሩ አስጠርቶኝ አንድ ቅጂ ሰጠኝ፣ እጄንም ጨበጠኝ። ታደለ አልተመለሰም። እትዬ ማርታ ከረሜላ መሸጥ አቆሙ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰው አስቁመው «ይኼ ልጅ ታዞ ዳነ» ይሉ ነበር፣ ያንን የመስኮት ነገር ይቅር ብለውኝ። የኔንም ልጆች መርቀውልኛል። ሲሞቱ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

እንግዲህ ባለፈው ወር፣ ወጣቱ ዶክተር ስልኩን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲል፣ «ሰውዬው እኔ ነኝ» አልኩት። ስልኩን እንደያዘ ቆመ። ነገርኩት፣ ሁሉንም፤ ብልቃጡን፣ ብብቴን፣ ገንቦውን፣ ካልሲውን። ባለ ሹራቧን ልጅ ጥራትና እመናት አልኩት። እንባና ላብ ፊቴን አራሰው፣ እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር።

በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንጓዬን ያዘና «ጋሼ፣ ዛሬ ቁርስ በልተዋል?» አለኝ።

«ለምርመራ ባዶ ሆዳችሁን ኑ ያላችሁት እናንተ።»

ጣቴን ወጋና መሣሪያውን አየ። «ይኸው፣ ወርዷል። ስኳር ሲወርድ ሰው ይቀባጥራል፣ ያላየውን ያያል፣ አይጨነቁ። አሁን ይለፍልዎታል» አለ። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ከረሜላ መዳፌ ላይ አደረገ። ወረቀቱ ቀይ ነበር። «ይብሉት፣ እኔ እያየሁ» አለ።

እንደ ታዘዝኩት አደረግሁ። ከረሜላው እስኪሟሟ ወንበሩ ላይ አስቀምጦኝ ሌላ ሰው አስገባ። ስወጣ ያቺ ልጅ ከግቢው በር ላይ ከእናቷ ጋር ባጃጅ ትጠብቅ ነበር፤ አንድ ነገር ልላት ፈልጌ ቀረብኩ፣ እናቷ ቀና ብላ ስታየኝ አለፍኳቸው።

ይህንን የጻፍኩት ቁርሴን በልቼ፣ ስኳሬን ለክቼ፣ ልክ መሆኑን አይቼ ነው። ያንን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ካለ፣ ሠንጠረዡ ላይ ከታች ያለውን መስመር ያስተካክልልኝ። ሳሙኤል ከረሜላ አልበላም። የበላሁት እኔ ነኝ።